በሩ ወዴት ይዙር

ጥቅምት 9 ቀን

ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሰላም ይሁኑ። ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ ሳልዎ፣ ሁሉም ለየብቻው እንዴት ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ደስ የሚል ወሬ ነው። መኪና ልገዛ ነው። አዲስ አይደለችም፤ ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ኮፈኗን አስከፍቼ፣ ሻጩ እየተቁነጠነጠ፣ በጆሮዬ ደህና አድርጌ አዳምጫታለሁ። እሷን በመርከብ አስቀድሜ እኔ እከተላታለሁ። ለጥየቃ አይደለም፤ ለመኖር ነው የምመጣው። የሰው መኪና ስጠብቅ መኖር በቃኝ። የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ከመሬት በታች መሆኑን ነግሬዎታለሁ። የምቀመጥበት የትኬት ሳጥን አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። ጠዋት ስገባ ፀሐይ አልወጣችም፣ ስወጣ ደግሞ ገብታለች። ግድግዳ ፊት ተቀምጦ መዋል ሰውን ቀስ እያለ ያደነቁረዋል።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው፤ በአባቴ ድርሻ መሬት ላይ ጋራዥ ያሠሩልኝ። የእርስዎ የጭነት መኪና ዕድሜዋን ሙሉ ውጭ እያደረች ዝናብ እንደጨረሳት አልረሳሁም። ቦታውን እርስዎ ይምረጡ፤ ሹፌሩ እርስዎ ነዎት። የእኔ ምኞት አንድ ነው፤ በሩ ወደ ቤቱ ይዙር። መኪናዬን አቁሜ ስወርድ መጀመሪያ የማየው እርስዎን፣ ደጃፉ ላይ በዚያች ወንበርዎ ተቀምጠው ቢሆን ነው።

ንድፉን በትኬት ጀርባ ላይ ሥዬ አያይዣለሁ፤ እንዳይስቁብኝ። ለማስጀመሪያ የሚሆነውንም ደብዳቤውን ለሚያደርሰው ሰው ሰጥቻለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ፤
የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 14 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሹፌሯ፤

ደብዳቤሽ በሰላም ገባ፤ አንቺንም እንዲሁ በሰላም ያስገባሽ ብዬ መርቄ ነው የከፈትኩት። ጉልበቴ ደህና ነው። ዓይኔ ደህና ነው። ሳሌማ ከሁሉም ደህና ነው፣ እያደር እየበረታ ነው።

ሥዕልሽን አየሁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግንበኛው ግን ሳቀ። ግንበኛው ማለት ያ ረጅሙ፣ ቱምቢ የምንለው ነው። ስሙን ያገኘው ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ሊያይ ከገመድ ጫፍ ከሚያንጠለጥላት ብረት ነው፤ ሲራመድም እሷኑ ነው የሚመስለው። «ይሄ ጋራዥ ነው የክብሪት ቀፎ?» አለኝ። ሹፌሯ ናት የሣለችው፣ ዝም ብለህ ሥራ አልኩት።

ቦታውን በተመለከተ ብዙ ተከራከርን። ጓሮው አይሆንም፤ ክረምት ላይ ውሃ ከሥር ይመነጫል፤ ጎማሽ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። የውሃ ጋኑ አጠገብም አይሆንም፤ ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ በዚያ በኩል ስለሆነ በር ይገነጥላል። የቀረው ከቤቱ በስተግራ ያለው ሜዳ ነው። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ከወንበሬም ወደ ግቢው በርና ወደ መንገዱ ስመለከት አይጋርደኝም። እዚያ ይሁን አልን።

ቱምቢ ሜትሩን ሲዘረጋ ተው አልኩት። ጋራዥ በሜትር አይለካም፣ በጎማ ነው የሚለካው። የወፍጮ ቤቱን ጌታ ፒክአፕ ለመንኩና ራሴ ነዳኋት። አዎ፣ ራሴ። ቱምቢ ጎኔ ተቀምጦ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየጸለየ መሰለኝ። ከግቢው በር ገብቼ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ መሪውን ጠምዝዤ አንቺ እንደምትገቢው ገባሁ። ከዚያ ቱምቢ ወርዶ ጎማው የረገጠውን ሁሉ በኖራ አሰመረው። ግድግዳው ከኖራው ውጭ ይቆማል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ድሮ አንዴ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እዚያ ምድር ቤት ቶሎ የሚሄድ ሰው መኪናውን በኋላ ማርሽ ያስገባል፣ ሲወጣ ቀጥ ብሎ እንዲፈተለክ፤ ሊውል የመጣው ግን በአፍንጫው ይገባል ብለሽ። አልረሳኋትም። ስለዚህ በአፍንጫሽ እንድትገቢ አድርጌ ነው ያሰመርኩት። ለመግባት አንድ ጊዜ መሪ ማዞር ይበቃሻል፤ ለመውጣት ግን ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት ስትዪ ላብ ያጠምቅሻል። ቱምቢ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለኝ። አልተሳሳትኩም።

በሩን ወደ ቤቱ ይዙር በማለትሽ ያን ዕለት እራቴን ደህና አድርጌ በላሁ። በሩ ወደ ቤት የዞረ ጋራዥ የባለቤት ጋራዥ ነው። ወደ መንገድ ከዞረ ሱቅ ነው፤ ማንም ይገባበታል። አሮጌ ሹፌር ይሄን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልገውም። ትዝ ይልሻል፣ ከታች ከመታጠፊያው ላይ ክላክስ ስነፋ በሩን ልትከፍቺ ያለ ጫማ ስትሮጪ? አሁን ተራው የእኔ ነው። አንቺ ንፊ፣ እኔ እከፍታለሁ። መሮጡን ግን ተይው።

አጎትሽ


ጥር 20 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እኔን ቀድሞ ከደጃፍዎ ይድረስ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ውጭው ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ምድር ቤቱ ግን በመኪና ጭስ ሞቅ ብሏል፣ አይጨነቁልኝ።

የኖራውን ታሪክ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ትኬት ሊቆርጥ የቆመ ሰውዬ ይህቺስ ለየላት ብሎ ነው መሰል ሳንቲሙን ሳይቀበል ሄደ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር አሰብኩ። ከግቢው በር እስከ ቤቱ ያለው ዳገት ክረምት ላይ ጭቃ ነው። እርስዎ ፍሬን ይዘው እኔ ጎማ ሥር ድንጋይ ስወትፍ ነው ያደግሁት። ጋራዡ ታች፣ የግቢው በር አጠገብ፣ መንገዱ ዳር ቢሆን አይሻልም? መኪናዋ ከዳገቱ ጋር አትታገልም። ሰፋ ቢልም ጥሩ ነው፤ ጣሪያውም ከፍ ይበል። ከመኪና ሌላ ዕቃም ሊገባበት ይችላል። በሩ እንዳለ ወደ ቤቱ ይሁን።

መኪናዋን ገና አልተረከብኳትም። ሻጩ ትንሽ ታገሺኝ ብሎኛል።

ቱምቢን ሰላም ይበሉልኝ፤ በክብሪት ቀፎው አልተቀየምኩትም።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 11 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ፤ ብርዱንም ያስታግስልሽ። ጥር ሙሉ ደብዳቤ ስጠብቅ አንገቴ ረዝሞ ቱምቢን አክሎ ነበር።

ቱምቢ ተቆጥቷል። መሠረቱን ቆፍሮ፣ ድንጋዩን ሞልቶ፣ የመጀመሪያውን ረድፍ ብሎኬት አስቀምጦ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ እግር የለውም እኮ፣ ተነስ ሂድ አይባልም» አለኝ። ወጪውን ሳይሆን ልፋቱን ነው የተናደደበት። ሁለት ቀን ቀረ፤ በሦስተኛው መጥቶ ችካሉን ነቀለና ታች ወርዶ ተከለው። የቆፈርነው ጉድጓድ እንዳለ ነው፤ ዶሮዎቹ አፈር ይታጠቡበታል።

አዲሱ ቦታ ላይ ሲባጎውን ስንወጥር አንድ ነገር አየሁ። ከወንበሬ ትክክል ፊት ለፊት ነው የሚያርፈው። ሰፋ፣ ከፍም ይበል ስላልሽ፣ ግድግዳው ሲወጣ የግቢውን በርም መንገዱንም ይሸፍንብኛል። መጀመሪያ ከፋኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ። ኋላ ሳስበው ግን መንገዱን ምን አደርገዋለሁ? መንገዱን የማየው አንቺ ትመጪ እንደሆን ብዬ ነው። አንቺ ከመጣሽ ይሸፈን። በሩ ወደ እኔ እስከዞረ ድረስ መኪናሽን እያየሁ እውላለሁ።

እስቲ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ከመኪናዋ ሌላ ይገባል ያልሽው ዕቃ ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ መኪናዋ ቀለሟ ምን ዓይነት ነው? ሳስባት አንድ ቀን ነጭ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ እያደረግኋት ተቸገርኩ።

ዓይኔ በቀኝ በኩል ትንሽ ደከም ብሏል፤ የዕድሜ ነው። መንገድ ለማየት ግራው ይበቃል።

አጎትሽ


ሚያዝያ 27 ቀን

ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ።

ዛሬ በአጭሩ ነው የምጽፈው። በሩ ወደ መንገዱ ቢዞር ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ። ታች ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ገብቶ ዞሮ ወደ ቤቱ በኩል ለመግባት መኪናውን ያንገላታዋል። ከመንገድ በቀጥታ መግባት ይቀላል። በሩ የላሜራ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል ይሁን። ከውስጥ መብራት ቢገባለት፣ ከፊት ለፊቱም ያለው መሬት ጠጠር ቢለብስ ጥሩ ነው።

ዓይንዎን ሐኪም ይይልዎ። እባክዎ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 18 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ያለሽበት ቤት፣ የምትተኚበት አልጋ ሁሉ ሰላም ይሁን።

ደብዳቤሽን ለቱምቢ አነበብኩለት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ መዶሻውን አስቀመጠና «ጋሼ፣ ሻይ ልጥራልዎ?» አለኝ። ያ ሰው ለማንም ሻይ ጠርቶ አያውቅም። ያን ጊዜ እሱም እንደገባው ገባኝ።

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ የጨበጥኩ ሰው ነኝ። ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሊወርድ ሲል አውቃለሁ። ገና ሳይናገር ዕቃውን ይሰበስባል፣ በመስኮት ያያል፣ ይቁነጠነጣል። አንዱ ዓይን አፋር ከሆነ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ አፍሮ ፌርማታው ያልፈዋል። አንቺ ከጥር ጀምሮ ዕቃሽን ስትሰበስቢ እያየሁሽ ነው። መጀመሪያ ወደ መንገዱ አስጠጊው፣ ቀጥሎ አስፊው፣ ቀጥሎ በሩን አዙሪው። ቀለሟን ጠየቅሁሽ፣ አልመለስሽም። ቀለም የሌላት መኪና የለችም።

ምን እንደሆነ ንገሪኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ስትችዪ ትነግሪኛለሽ። እኔ ግን ከፍቶኛል፤ ይኸው ጻፍኩልሽ።

በሩን ወደ መንገዱ አዙረነዋል። እንዳልሽው ላሜራ ነው፤ ይጠቀለላል፤ ሲከፈት የሚያወጣው ድምፅ የሩቅ ጎረቤት ያስደነግጣል። ጣሪያውም ቆርቆሮ ለብሷል። ነገር ግን ሳላማክርሽ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ወደ ቤቱ በኩል ያለው የኋላ ግድግዳ ላይ፣ መሐሉን፣ መኪና የሚያስገባውን ያህል፣ ቱምቢ ብሎኬቱን ያለ ሲሚንቶ ነው የደረደረው። ከላይ የብረትና የአርማታ ተሸካሚ አለ፣ ጣሪያው በእሱ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ብሎኬት ግን አንዱ ባንዱ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልተጣበቀም። በመጣሽ ቀን ከላይ ጀምረን እያወረድን ወደ ቤቱ የሚከፈት በር እናወጣበታለን። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሙሉ ግድግዳ ነው። እኔና ቱምቢ፣ አሁን ደግሞ አንቺ፣ በር መሆኑን እናውቃለን።

ቱምቢ እንዲህ ያለ ግድግዳ ሠርቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሥራውን ሲጨርስ ቱምቢውን አንጠልጥሎ አየው፤ ቀጥ ያለ ነው።

ወንበሬን ከደጃፉ አንስቼ ወደ ጓሮ አዙሬያለሁ። እዚያ ጥላ አለ።

አጎትሽ


ሐምሌ 30 ቀን

ለጋሼ፤

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ። ጽፌ ቀደድኩት፣ ደግሜ ጽፌ ቀደድኩት። አሁን የምጽፈውን ሳላነበው ነው የማሽገው።

መኪና የለችም ጋሼ። ጥቅምት ላይ ነበረች፤ ስለ ሞተሯ የጻፍኩት እውነት ነው፤ አረንጓዴ ነበረች። ታኅሣሥ ላይ የትኬት ሳጥኑን ነቅለው ማሽን ተከሉበት። ሰው ካርዱን ያስጠጋል፣ ብረቱ ይነሳል፣ ይገባል። እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? ከዚያ በኋላ ለወራት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ፤ ለመኪናዋ ያስቀመጥኩትን በላሁት። አሁን የዚያኑ ሕንፃ ወለል ነው የማጥበው። ከመኪና የተንጠባጠበ ዘይት በዱቄት አስለቅቃለሁ። ድሮ በመስኮት ሰላም ይሉኝ የነበሩት አሁን አጎንብሼ ስለሚያዩኝ አያውቁኝም።

ጥር ላይ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ስጽፍልዎ ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። የተጀመረውን ያስቁሙ ማለት አቃተኝ። ቢያንስ መንገድ ዳር ከሆነ፣ በሩም ወደ መንገድ ከሆነ፣ አከራይተውት ለእርስዎ ሐኪምና ለመብልዎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ያንን በግልጽ ብጽፍ ግን አልመጣም ማለቴ ነው። ስለዚህ ስለ ጭቃና ስለ ዳገት ጻፍኩልዎ።

ወንበርዎን ወደ ጓሮ ማዞርዎን ሳነብ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጓሮ ጥላ የለም ጋሼ። ጓሮውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። እርስዎ የሸሹት ግድግዳውን ነው። ግድግዳ ፊት መቀመጥ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያን ግድግዳ አምጥቼ እርስዎ ፊት አቆምኩት።

በአውቶቡስ ነይ እንዳይሉኝ። መንደሩ በሙሉ ጋራዡን አይቷል። ያን የሚያህል ጋራዥ አሠርቼ በአንድ ሻንጣ ከአውቶቡስ ብወርድ፣ መኪናሽ የታለች ሲሉኝ ምን እላለሁ? ጋራዡ ባይኖር ኖሮ ምናልባት እመጣ ነበር። ይሄንን ለማን ይነግሩታል?

ያከራዩት። ኪራዩን እንዳይልኩልኝ፤ ለራስዎ ያድርጉት።

የወንድምዎ ልጅ


መስከረም 25 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

አዲሱ ዓመት ይባረክልሽ፤ ካለፈው የተሻለ ይሁን፣ የተሻለ ለመሆን ብዙም አይቸገርም።

ደብዳቤሽን አንብቤ አላዘንኩም ብልሽ ውሸት ነው። አለቀስኩ። ስላጣሽው መኪና አይደለም፤ ያን ሁሉ ወር ብቻሽን ስለ ጭቃ መጻፍሽ ነው ያስለቀሰኝ። ወለል ማጠብ ምን ነውር አለው? እኔ ስንት ዓመት መኪና ሥር ተጋድሜ ዘይት ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብብኝ ያሳደግሁሽ አይደለሽም ወይ? ወይ አንቺ ልጅ!

በአውቶቡስ ነይ እንዳይሉኝ አልሽ። እላለሁ። በአውቶቡስ ነይ። ሰዉ መኪናሽ የታለች ካለሽ፣ አጎቴ ለምኖኝ ተውኳት በዪ፤ ውሸቱ በእኔ ይቆጠር። የሚያሳፍርሽ ጋራዡ ከሆነ ደግሞ አፍርሰዋለሁ። ቀልዴን አይደለም። ቱምቢን ጠይቄዋለሁ፤ ሲያፈርስ ከሠራበት ጊዜ ሲሶውን አይፈጅም። ብሎኬቱን ለሚፈልግ እንሰጣለን፣ ቦታውን ሣር ይበላዋል፣ አንቺም በባዶ ሜዳ በኩል ትገቢያለሽ።

እስከዚያው ግን እንዳልሽው አከራይቼዋለሁ። ተከራዩ ጎሚስታ ነው፤ የፈነዳ ጎማ ይለጥፋል፣ ይነፋል፣ አሮጌውን ይሸጣል። ደግ ሰው ነው፤ ጆሮው ግን በነፋሱ ማሽን ደንቁሯል። እኔ ስስል እሱ «ምን አሉ?» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ስንደማመጥ እንውላለን።

አሁን የምጠይቅሽን አስተውዪ። ጎሚስታው አሮጌ ጎማውን ከውስጥ በኩል የኋላው ግድግዳ ላይ ነው የሚከምረው። ያ ያለ ሲሚንቶ የደረደርነው ነገር ክብደቱን አልቻለም፤ ወደ ቤቱ በኩል ሆዱን ነፋ። ጎማውን አንሳ አልኩት፤ አነሳ፤ ሳምንት ሳይቆይ መልሶ ከመረ፤ ሌላ ቦታ የለውም። ቱምቢ መጥቶ ቱምቢውን አንጠለጠለና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ አንዱን ይምረጡ። ወይ አሁኑኑ አፍርሰን በር እናውጣበት፣ ወይ በሲሚንቶ እንግጠመው። እንዲሁ ከከረመ ሰው ላይ ይወድቃል» አለኝ።

የምትመጪ ከሆነ፣ በዓመትም ይሁን በሁለት ዓመት፣ ጎሚስታውን ሌላ ቦታ ፈልግ እለዋለሁ፤ ግድግዳውንም በር እናደርገዋለን። የማትመጪ ከሆነ ይገጠም። ረጅም ደብዳቤ አይጠበቅብሽም። ይቆይ ወይም ይገጠም ብለሽ ጻፊልኝ። ቱምቢ ሲሚንቶውን ከእርጥበት ሸሽጎ እየጠበቀ ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። ቆየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወፍራም የሱፍ ሹራብና ካልሲ ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልዎ ሰው ልኬያለሁ። ሹራቡ ሰፊ ከሆነ ከውስጥ ሌላ ይደርቡበት። ሳልዎን ሞቅ ባለ ውሃና በማር ያስታግሱት፤ ሐኪሙ የዓይን ጠብታ ካዘዘልዎ እንዳያቋርጡ። ከወር በኋላ ወደ ሌላ ፎቅ ያዛውሩኛል ብለዋል፤ እዚያ ትንሽ ብርሃን አለ ይላሉ። ከአንዲት አብራኝ ከምትሠራ ሴት ጋር ክፍል ተጋርቻለሁ፤ ጥሩ ሴት ናት፣ ብዙ አታወራም። በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ ነው የጀመረው።

ጎሚስታውን ስለ ደግነቱ ያመስግኑልኝ። ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?

ሁልጊዜም የማስብዎ፤
የወንድምዎ ልጅ


ጥር 8 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሹፌሯ፤

ሰላም ይብዛልሽ። ሹራቡ ልክክ ብሎኛል፤ ይኸው ለብሼው ነው የምጽፈው። ካልሲውን ቱምቢ አይቶ ቀናብኝ። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ስለ ግድግዳው ያልሽው ነገር ያመለጠኝ መስሎኝ ደገምኩት። ከወረቀቱ ጀርባም አየሁ። ከዚያ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቱምቢን አስጠራሁት።

ሐሙስ ዕለት ገጠመው። ጎሚስታው ጎማውን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣለት፤ ቱምቢ ብሎኬቱን አንድ ባንድ እያወረደ፣ ሲሚንቶ እየቀባ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሙሉ ቀን ፈጀበት። መሐል ላይ አንድ ጊዜ፣ ብሎኬቱ ሁሉ ወርዶ፣ አንቺ ያልሽው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ከወንበሬ ሆኜ በጋራዡ ውስጥ አልፎ መንገዱ ታየኝ፤ ወንበሬን ለዚያን ቀን ወደ ደጃፉ መልሼው ነበር። ቱምቢም ምሳ በልቼ ልምጣ ብሎ ሄደ፤ ቱምቢ ደግሞ ምሳ የሚበላ ሰው አይደለም። ሆን ብሎ ነው የዘገየልኝ። እስኪመለስ ተቀምጬ አየሁ። አንድ አህያ አለፈች፤ ሁለት ሴቶች ተከራክረው አለፉ። ከዚያ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

ቂም የለኝም። ይገጠም ለማለት እጅሽ እንዳልታዘዘልሽ አውቃለሁ፤ ይቆይ ብሎ መዋሸትም አልፈለግሽም። ስለዚህ ስለ ካልሲ ጻፍሽ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ስለ ካልሲ ነበር የምጽፈው።

አንዷን ብሎኬት ግን እንዳትመልሳት አልኩት። መሐል ላይ ያለችውን፣ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ የሚያርፍባትን። ወደ ጎን አስቀመጣትና ቦታዋን ክፍት ተወው። ጎሚስታው ብርድ ይገባብኛል ብሎ አጉረመረመ፤ እኔ አልሰማሁም፤ መደንቆር ከእሱ ተምሬያለሁ። ወንበሬም ደጃፉ ላይ ቀረ፤ አሁን ጠዋት ጎሚስታው የላሜራ በሩን ሲጠቀልል፣ በዚያች ቀዳዳ በኩል የብሎኬት ያህል መንገድ ይታየኛል። ጎማ ከከመረባት እጮህበታለሁ፤ ያነሳል።

ችግሯ ጠባብ መሆኗ ነው። አውቶቡሱ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ማን እንደወረደ ግን አይታየኝም፤ የሚቆመው ከቀዳዳዋ አልፎ ነው። ግራ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ክላክስ ደግሞ የለሽም። ስለዚህ ምናልባት፣ በሆነ ቀን፣ ከወረድሽ፣ ዝም ብለሽ እዚያ እንዳትቆሚ። ከመታጠፊያው ላይ ሆነሽ ጮክ ብለሽ ተጣሪ። በሩን እከፍታለሁ።

አጎትሽ